ከንፈሬ ላይ የነበረችው ስፒል

ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ወሬ አልጀምርም። ከዚያች የረመዳን ቀን ወዲህ የመጣብኝ ልማድ ነው፤ ድምፄ በቦታው መኖሩን አረጋግጬ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ነው አፌን የምከፍተው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መርፌና ጨርቅ የምትነኩ ብቻ ሳትሆኑ፣ ጠዋት ሻርፕ ስታስሩ ስፒል በከንፈራችሁ የምትይዙ እህቶቼም ሁሉ ጠጋ በሉ።

ሉባባ እባላለሁ። አገሬ ሐይቅ ነው፣ ከደሴ ወጣ ብላ ያለችው ከተማ። አዲስ አበባ ስመጣ አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ቦሌ ለሚ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቀጠርኩና ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ጎሮ አካባቢ ቤት ተከራይተን መኖር ጀመርን። ፋብሪካ የሚያስተምረው ፍጥነት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የተማርኩት መርፌ መፍራትን ነው። የአንዷ ሠራተኛ መርፌ ከተሰበረ የስፌት መኪናዋ ይቆማል። ስባሪው ተለቃቅሞ፣ ተገጣጥሞ፣ ሙሉ መርፌ መሆኑ እስኪታይ ድረስ አዲስ አይሰጣትም። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጫፍ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ለሥር የተንፏቀቅንበት ቀን አለ። «የሚለብሰውን ሰው አታውቁትም፤ ከገላው ጋር የሚውለው ግን የእናንተ ሥራ ነው» ትለን ነበር ተቆጣጣሪያችን። ይህን ቃል ከሃይማኖቴ ጋር አንድ አድርጌ ያዝኩት። አማና ነው፤ የሰው ገላ አደራ ነው።

በኋላ ሃያ ሁለት፣ ከካፌዎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት፣ እትዬ ብርቅነሽ ዘንድ ገባሁ። እትዬ የጋይንት ሰው ናቸው። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፣ ምላሳቸው ላይ ደግሞ በርበሬ። በአንዱ ግድግዳ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅለዋል፤ በሌላው በኩል ያለችውን ጥግ ለእኔ መስገጃ ለቀውልኛል። «ሁለታችንም እንጩህበት እንግዲህ፣ የአንዳችንን ይሰማል» ይላሉ ሲቀልዱ።

ፋብሪካ ውስጥ ስፒል ወደ ሥራው ዝር አይልም ነበር። እዚህ ግን በልክ የሚሰፋ ልብስ ነው፤ ሳቲንና ሽፎን ያለ ስፒል እንደ ሐይቅ ዓሣ ከእጅ ያመልጣሉ። ብዙ ልብስ ሰፊ ስፒሉን ሳይነቅል ላዩ ላይ ይሰፋል። «መኪናው ራሱ ይዘለዋል» ይላችኋል። ይዘለዋል፣ ይዘለዋል፣ አንድ ቀን ግን መርፌው ስፒሉ ላይ ያርፍና ይሰበራል። ስባሪው ወዴት እንደሚበር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ ያለው ከመርፌው ፊት ለፊት ነው።

እኔ ይህን አላደርግም። ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ስፒሉ ጋ ሳይደርስ ነቅዬ አወጣዋለሁ። ጥሩ። ግን የነቀልኩትን የት ላድርገው? ግራ እጄ ጨርቁን ይዟል። ስፒል የሚሰካባት ትንሿ ትራስ ከመቀስና ከሜትር ሥር ተቀብራለች። ከንፈር ግን ቅርብ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሻርፕ ሳስር ስፒል የምይዘው በከንፈሬ ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። አደጋን የምሸሽበት እጄ አደጋውን ወደ አፌ እያመጣው እንደነበር አንድም ቀን አልታየኝም።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ የስፒል ማደሪያ ነው እንዴ?» ይሉኛል እትዬ።

«ብረት ጾም አይፈታም፣ እትዬ» እላለሁ በጥርሴ መሐል።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረኝ። ስፒል ሲሸጥ በመስመር በመስመር በተበሳ ወረቀት ላይ ተሰክቶ ነው አይደል? ሌላው ሰው ወረቀቱን ይጥለዋል፤ እኔ አልጥልም። አንድ ልብስ ሰፍቼ ስጨርስ ስፒሎቼን ወደየቀዳዳቸው እመልሳለሁ። አንዲት ቀዳዳ ባዶ ከቀረች አንዲት ስፒል የሆነ ቦታ ቀርታለች ማለት ነው፤ እስክትገኝ ድረስ ልብሱ ከሱቅ አይወጣም። «ማታ ዶሮ ቆጥራ እንደምታስገባ ባልቴት» እያሉ እትዬ ይስቁብኝ ነበር።

ረመዳን ሊያልቅ ተቃርቧል፣ ሁዳዴም ገብቷል። ሱቃችን ውስጥ ሁለት ጾመኞችና አንድ የጋለ ካውያ ነበርን። ለዒድ የሚደርስ ልብስ ተከምሯል። ያን ቀን በእጄ የነበረችው የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ናት። ልጅቷ ሐያት ትባላለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቷ ጋር ለዒድ ሰላት ልትወጣ ነው። ነጭ ሳቲን፣ ከታች ዙሪያውን ሽንሽን። እናቷ ከሰዓት በኋላ መጥታ ልትወስድ ቀጠሮ ይዛለች። ሽንሽኑን አናታቸው ሰማያዊ በሆነ ስፒሎች አያይዤ፣ እየነቀልኩ በከንፈሬ እየያዝኩ፣ ዙሪያውን ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል።

በር ላይ ጥላ አጠላ።

«አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ! የሐይቋ ልጅ አለች ወይ?»

ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ ከደሴ አዲስ አበባ አባዱላ የሚነዱ የሰፈራችን ሰው። እናቴ በመጡ ቁጥር ወደ እኔ ትልካቸዋለች። ስልክ አላት፣ በየቀኑም እናወራለን፤ ግን ስልክ አታምንም። «ስልክ ላይ ሁሉም ደህና ነኝ ይላል። አንቱ ሄደው ድምጿን በጆሮዎ ሰምተው ይንገሩኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም በሶውንም ቅቤውንም ተሸክመው ይመጣሉ፣ ድምፄን ሰምተው ይመለሳሉ።

ሰላምታ ሲሰጥ መመለስ ግዴታ ነው። ከፊደል በፊት ነው የተማርነው። ደግሞ ያ ድምፅ! ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የአገር ሰው ሰላምታ ከጆሮ ሳይሆን ከደረት ነው የሚገባው። ደስታዬ እጄን ቀደመው። ለመመለስ አፌን ከፍቼ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኩ።

«ወአ…»

አንዲት ቀጭን ቅዝቃዜ ምላሴን አልፋ ወረደች።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሳል ነው። ዓይኔ እስኪፈርጥ ሳልኩ። ወንበሩ ወደቀ። እትዬ ብርቅነሽ ካውያውን ጥለው መጡ፤ ጋሽ ሰይድ የያዙትን ኩርቱ ፌስታል ሳያስቀምጡ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ምን ሆነች? ትን አላት?»

«ስፒል! ስፒል ነው በአፏ የነበረው! ወይ እመብርሃን!»

ጋሽ ሰይድ ጀርባዬን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ። እትዬ ያዟቸው። «አይምቷት! ስለታም ነገር ነው፣ የት እንዳለ ሳናውቅ!»

ሳሉ እንደመጣ ድንገት ቆመ። ተነፈስኩ። እንደገና ተነፈስኩ። ምንም የለም። ሕመም የለም፣ መውጋት የለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ በከንፈሬ ከያዝኳቸው አንዳንዶቹ የመኪናው ጠረጴዛ ላይ ተበትነዋል።

«ደህና ነኝ» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ሻክሯል እንጂ አለ። «ምናልባት ወድቃለች።»

ጩኸቱን ሰምታ የጎረቤቷ ጁስ ቤት ልጅ፣ ሜሮን፣ በአንድ እጇ ዳቦ በሌላው ሙዝ ይዛ ገባች። ሜሮን ለሁሉም ነገር መድኃኒቱን የምታውቅ ልጅ ናት።

«ሉቢ፣ ሙዝ ዋጪ በቃ! ይዞት ይወርዳል። አክስቴ የዓሣ አጥንት እንዲህ ነው የወረደላት፣ ሲሪየስሊ!»

«ጾመኛ ናት እኮ» አሉ እትዬ።

«ለነፍስ ሲሆን ጾም ይፈታል» አሉ ጋሽ ሰይድ በተራቸው። «አላህ አያስጨንቅም። ብዪ ልጄ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙዙን ለመዋጥ ተቃርቤ ነበር። ፈርቻለሁ። ሜሮን ልጣ አቅርባልኛለች። ግን እንዲያው እጄ አልዘረጋ አለኝ። ጾሜን ሳስቼለት ብቻ አልነበረም። ስፒሏ እኔ ውስጥ መሆኗ ገና አልታወቀም፤ በሐያት ቀሚስ ውስጥ ሆና እኔ እዚህ ሙዝ ስውጥ ብውልስ?

«መጀመሪያ ትፈለግ» አልኩ።

የተበተኑትን ስፒሎች ለቃቅሜ፣ ቀሚሱ ላይ የቀሩትንም ነቅዬ፣ ወረቀቱ ላይ መለስኩ። ሁሉም በየቀዳዳቸው ገቡ። አንዲት ቀዳዳ ባዶ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ሱቋ ውስጥ የሆነውን ብታዩ! ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አለን። ጋሽ ሰይድ ያንን በክር አስረው፣ ተንበርክከው፣ ወለሉን እንደ ዓሣ አጥማጅ ይጎትቱት ጀመር። የዛገ መርፌ ወጣ፣ የፀጉር ሽቦ ወጣ፣ ሜሮን ከጠፋባት የቆየ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ወጣ። ሰማያዊ አናት ያላት ስፒል ግን የለችም።

እትዬ ብርቅነሽ ቀሚሱን ወሰዱ። ገለበጡት። ከዚያ የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስበው፣ የክንዳቸውን ውስጠኛ ገላ፣ ያን ስስ ቦታ፣ በስፌቱ ላይ ሁሉ ቀስ እያሉ አሳለፉት። በብብቱ፣ በወገቡ፣ በሽንሽኑ እጥፋት ሁሉ።

«ምን እያደረጉ ነው እትዬ? ይወጋዎታል!» አልኩ።

«የእኔን ይውጋ እንጂ የልጅቱን አይውጋ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ!»

አልወጋቸውም። ሁለተኛ ደገሙት። አልወጋቸውም።

የዙህር፣ የቀትር ሰላት ሰዓት ደርሶ ነበር። ውዱእ አደረግኩና ጥጌ ላይ ምንጣፌን ዘረጋሁ። ልቤ ትንሽ ተረጋግቷል፤ ሰግጄ ስነሣ ስፒሏ ከሆነ እጥፋት ውስጥ ብቅ ትላለች ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። ቆምኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ተነሣሁ። ግንባሬን ለሱጁድ ምንጣፉ ላይ ሳሳርፍ፣ ቀኝ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ።

መንሸራተቱን ሰማሁት ልበላችሁ ወይስ ተሰማኝ፣ አላውቅም። ወዲያው ወጋኝ። ሳልኩ። ምንጣፉ ላይ፣ ግንባሬ ባረፈበት አጠገብ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ደም ጠብ አለች።

ያኔ አወቅኩ። ስፒሏ ቀሚሱ ውስጥ የለችም። ወለሉ ላይም የለችም።

ቀና ስል እትዬ ደሟን አይተዋል። ነጠላቸውን አነሡ፣ ለሜሮን ቁልፍ ሰጧት። በር ላይ ደርሰው ግን ዞሩ።

«የሐያት እናት ብትመጣ ቀሚሱን እንዳትሰጫት። ቀዳዳው ባዶ ነው፤ ሐኪም እሷን ሳያይ ልብስ ከዚህ ቤት አይወጣም!»

የሚስቁብኝ እትዬ ናቸው ይህን ያሉት።

ጋሽ ሰይድ ገደላማውን ጣርማ በርን በጭጋግ የሚወጡ ሹፌር ናቸው። ያን ቀን ግን በአትላስ በኩል ሲነዱ አባዱላዋን እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው የያዟት። ጉድጓድ ባዩ ቁጥር «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸው በመስኮት አንገታቸውን ያወጣሉ። «እለፈኝ ወንድሜ! ሕይወት ነው የጫንኩት!»

«ምን ጫንክ ሽማግሌ፣ መስታወት ነው?» አለ አንዱ ባለ ታክሲ።

«ከመስታወት የሚብስ!»

እኔ መሐል ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። እትዬ እጄን ይዘዋል። ጋሽ ሰይድ በመስታወት አዩኝና፣ ፍርሃታቸውን ለመደበቅ ይሁን እኔን ለማሳቅ፣ «ስሚ ልጄ» አሉ። «አትናገሪ፣ ብቻ ስሚ። ሰላምታዬን አልመለስሽም። ሰላሜን ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ። ለእናትሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ለስለስ ያለች፤ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። የጎድን አጥንቶቼ መሐል፣ በቀኝ በኩል፣ ቀጥ ያለች ነጭ መስመር። አናቷ ወደ ታች፣ ሹሏ ወደ ላይ።

እመኑኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ቀሚሱ ንጹሕ ነው አልኩ በልቤ፤ ልጅቱን አትወጋም። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«የስፒል ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም» አለች ዶክተሯ። «ሻርፕ ሲያስሩ በአፋቸው ይይዛሉ፣ ሰው ያወራቸዋል፣ ይስቃሉ፣ ወደ ሳንባቸው ይገባል። መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ወጣ ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። አንቺ ቶሎ መጥተሻል። ግን ሹሏ ወደ ላይ ስለሆነ በሳልሽ ቁጥር ትወጋሻለች። አታውሪ፣ አትጎንበሺ። አስተኝተን በአፍሽ በኩል ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብተን እናወጣታለን። ካልሆነ…»

«ካልሆነ ምን?» አሉ እትዬ።

«ካልሆነ ደረቷን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። እዚያ እንዳንደርስ ነው የምንሞክረው። ምግብ የበላችው መቼ ነው?»

እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ቀደሙኝ። «አልበላችም። ጾመኛ ናት፤ ሳይነጋ በፊት ነው የቀመሰችው።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ውኃስ?»

«ውኃም።»

«ተመስገን» አለች። «ሰው ሁሉ ዳቦና ሙዝ አጉርሰውት ነው የሚመጣው። ሆዱ ሙሉ ሰው ማደንዘዣ ሲወስድ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ይገባል፤ ስለዚህ ሆዱ እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነው። ስንጠብቅ ደግሞ ስፒሉ ወደ ውስጥ ይወርዳል። እሷን አሁኑኑ ማስገባት እንችላለን።»

ጋሽ ሰይድ «ሱብሐነላህ» ብለው ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ሙዙን ብዪ ያሉኝ እሳቸው ነበሩና ቃሉ ከአንጀታቸው ነው የወጣው። እኔም የዚያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ያን ሁሉ ቀን ጾሙን ለአላህ የምሰጠው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ ነው በጾሙ እኔን ሲጠብቀኝ የዋለው።

ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። «አስታማሚዋ ማናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።

«ምኗ ነዎት?»

«እህቷ።»

ነርሷ ግንባራቸው ላይ ያለውን መስቀል አየች፤ የእኔን ሻርፕ አየች፤ መስቀሉን ደግማ አየች።

«ምነው፣ አንመሳሰልም?» አሉ እትዬ። «እሷ በአባቷ ወጥታ ነው።»

«እኔ ደግሞ አጎቷ ነኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ከኋላ ሆነው።

ነርሷ ሳቀች፤ ጻፈችም። እኔ ግን ማውራት ተከልክዬ አልጋዬ ላይ ሆኜ የተናገሩትን ቃል በልቤ እደጋግመው ነበር። አዲስ አበባ ስኖር ያን ሁሉ ጊዜ «ሰው የለኝም» ስል ነበር። ለእናቴም፣ ለጓደኞቼም፣ በሰላት መሐልም ሳይቀር ብቸኝነቴን ለአላህ ስነግረው ነበር። ሰው የለኝም ያልኩበት አገር ውስጥ ያለ አንድ ጥያቄ እህትና አጎት ቆሙልኝ።

ክፍሉን እያዘጋጁ ሳለ የዐስር ሰላት ሰዓት ገባ። ጎንበስ አትበዪ ተብያለሁ። ያለ ሩኩዕ ያለ ሱጁድ፣ ተቀምጬ፣ በራስ ምልክት ብቻ ሰገድኩ። እንደዚያች ሰላት የከበደችኝም የጣመችኝም የለም። እትዬ መጋረጃውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ አንድ ወጣት ሠራተኛ አልጋውን ሊገፋ ሲመጣ፣ «ቆይ የኔ ልጅ፣ ጌታዋን እያነጋገረች ነው» ሲሉት ሰማሁ።

ከዚያ ብርሃኑ፣ ጭንብሉ፣ የዶክተሯ ድምፅ። «ሉባባ፣ የምትወጂውን ቦታ አስቢ።» ሐይቁን አሰብኩ፤ ጠዋት ጠዋት እንደተተኮሰ ሳቲን የሚዘረጋውን ውኃ። የእምነት ቃሌን፣ ሸሃዳዬን፣ በልቤ አልኩ። ውኃው ጨለመ።

ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት አዛን ነው። ከሩቅ፣ በመስኮት በኩል፣ የመግሪብ አዛን፣ የማፍጠሪያው። ሞቼ ነው ወይስ ሱቁ ውስጥ ነኝ ብዬ ተወዛገብኩ። ጉሮሮዬ በአሸዋ የታሸ ይመስላል። ቀስ ብሎ ፊታቸው ታየኝ፤ በአንድ በኩል ነጠላ፣ በሌላው በኩል ጥምጥም።

ዶክተሯ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አንቃጭላ አሳየችኝ። ሰማያዊ አናት።

«ወጥታለች። ደረትሽን አልነካነውም። አሁን አታውሪ፣ ጉሮሮሽ ይረፍ።»

ታዘዝኩ ልበላችሁ? አልታዘዝኩም። ጋሽ ሰይድ እግርጌዬ ቆመዋል። በዋዜማው ከደሴ የተነሡበት፣ እናቴ የላከችበት፣ በሩ ላይ ቆመው የሰጡኝ ሰላምታ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አንገቴን ወደ እሳቸው አዞርኩና፣ ከሹክሹክታ በማትበልጥ ድምፅ፣ ሙሉውን መለስኩላቸው።

«ወአለይኩሙ ሰላም… ወራሕመቱላሂ… ወበረካቱህ።»

ያ ትልቅ ሰው፣ ያ የጣርማ በር ሹፌር፣ አልጋው ብረት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አብሽሪ» ይለኛል እያለቀሰ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ።» እትዬም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ተናገረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፏ እንደሆነ መቼም አያርፍም» አሉ።

ዶክተሯ ፈቅዳ ፈሳሽ ስቀምስ፣ የቀመስኩት እናቴ የላከችውን በሶ ነው። እትዬ ብርቅነሽ ናቸው በውኃ አቅጥነው የበጠበጡልኝ። እሳቸውም ሲሯሯጡ እህል ሳይቀምሱ ውለው ነበርና የተረፈውን በዚያው ኩባያ ጠጡ። «የሁዳዴም የረመዳንም መፍቻ አንድ ነው፤ ገብስ ነው» አሉ።

ወደ ሱቅ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ብልቃጧን መክፈት ነው። ስፒሏን በአልኮል ጠርጌ ባዶዋ ቀዳዳ ውስጥ መልሼ ሰካኋት። ወረቀቱ ሞላ። ያቺ ቀሚስ ግን ከእኔ ቀድማ ወጥታለች። ስፒሏ መገኘቷ እንደታወቀ እትዬ የቀረውን ጨርሰው ለሐያት እናት ሰጥተዋታል። በዒድ ማግስት እናቷ ልጅቱን ይዛ መጣች። ሐያት ሱቃችን መሐል ሽንሽኑ እስኪነፋ ዞረች፣ ዞረች፣ አዙሯት እትዬ እግር ላይ ወደቀች። ምንም አልወጋትም። እኔ እየሳቅኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ወንድም ልብስ ሰፊዎችም፣ ከዚህ ውስጥ የምትወስዱት ካለ ውሰዱ። ስፒል ከስፌቱ ጋር ጎን ለጎን አይተኛ፤ አግድሞ ይሰካ፣ አናቱም እጃችሁ በቀላሉ በሚያገኘው በኩል ይሁን። የመኪናው እግር ሳይደርስበት አቁማችሁ ንቀሉት፤ «ይዘለዋል» የሚላችሁን አትስሙ። የነቀላችሁትን ግን ከንፈራችሁ ላይ አታሳርፉ፣ ደረታችሁ ላይም አትሰኩት። የእኛ የሬዲዮ ማግኔት ዛሬ ከመኪናው በስተቀኝ ተጣብቋል፤ እጄ ሳላየው ያገኘዋል። ሱቁ ውስጥ ተማሪ ስንቀበል ከመቀስ አያያዝ በፊት የምናስተምረው ይህንን ነው። ሻርፕ ስታስሩም ያው ነው፤ ስፒሏ ሳህን ላይ ትጠብቃችሁ። ስፒል የዋጠ ወይም በትንፋሹ የሳበ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ምግብ አታጉርሱት፣ ጀርባውን አትምቱት፣ ሳሉ ቆመ ብላችሁ አትዘናጉ። ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ስለ ሥራው ይኸው። ስለ ልቤ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ሰው የለኝም» ብዬ አላውቅም። ቃሉ ወደ አፌ ሲመጣ ያ ብልቃጥ ትዝ ይለኛል። አላህ ሰው ሳይሰጥ አያስቀርም፤ አንዳንዴ የሰጠንን የምናየው ማውራት ተከልክለን ዝም ስንል ነው።

ጋሽ ሰይድ ዛሬም ይመጣሉ። ግን እንደ ድሮው ከበር ሰላምታ አይወረውሩም። መጀመሪያ ደፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መኪናዬ እስኪያቆም፣ እጄ ከጨርቁ ላይ እስኪነሣ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው እስክመልስ። ከዚያ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«አፍሽ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

«ክፈችው እስቲ።»

እትዬ ብርቅነሽ ከካውያው ጀርባ ይስቃሉ። እኔ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አሳያለሁ። እሳቸው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ያን ዜማ ያለውን የአገሬን ሰላምታ ከፍ አድርገው ይሰጡኛል። እኔም በሙሉ ትንፋሼ፣ አንድም ፊደል ሳላጎድል እመልስላቸዋለሁ።